ፊልሙ ውስጥ የቀረው ስም

ቃለጽድቅ ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቴፕ፣ ድምፅ ማጉያና ስልክ ይጠግናል። ከሰው ጋር ሲያወራ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ማርያማዊትን ያወቃትም እንደዚያው አቀርቅሮ ነው፤ መጀመሪያ ያየው ጫማዋን ነበር።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች አጭር ፊልም ሊሠሩ ነው ብላ ሶፊ ስትለምነው፣ ድምፅ ለመቅዳት ብቻ ተስማማ። ሶፊ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤቱ ናት፤ ፊልሙን የጻፈችውም የምታዘጋጀውም እሷ ነች። ታሪኩ ርኩስ መንፈስ ስለያዛት ልጅ ነው። ልጅቷን ሆና የምትጫወተው ከመዘምራኑ አንዷ፣ ማርያማዊት ነበረች።

«ማይኩን ነጠላዋ ስር ደብቀው» አለችው ሶፊ።

ማይኩን በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ ከሩቅ ዘረጋው።

«አይዞህ፣ አልነክስህም» አለች ማርያማዊት። «ገና አልያዘኝም።»

ሁሉም ሳቁ። እሱም እንዳቀረቀረ ሳቀ።

ቀረጻው ተጀመረ። ጸበል ቦታ እንዲመስል በተዘጋጀው ጓሮ፣ ካህን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርጎ «የክርስትና ስምሽ ማነው?» ሲል ጠየቃት። ስክሪፕቱ ላይ የተጻፈው «አመተ ሥላሴ» ነበር። ማርያማዊት ግን ዓይኗን እንደጨፈነች፣ በቀስታ፣ «ወለተ ሰንበት» አለች።

ቃለጽድቅ በጆሮ ማዳመጫው ለብቻው የተነገረው ያህል ሰማው። ሶፊ «ግሩም! ይሄ ይቆይ» ብላ አጨበጨበች። ማርያማዊት ስክሪፕቱን ስታ የራሷን የክርስትና ስም መስጠቷን ማንም ልብ አላለም። ያን ስም የሚያውቁት እናቷና የነፍስ አባቷ ብቻ ነበሩ።

ማርያማዊት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዓይኗን ገለጠች። ቀጥታ ያየችው ቃለጽድቅን ነው። እሱም ስሙ የራሷ መሆኑ ገባውና ለመጀመሪያ ጊዜ አላቀረቀረም።

የመንፈሱን ድምፅ የሚሰጠው ልጅ በቀጠሮው ቀን ቀረ። ሶፊ ቃለጽድቅን ቁም ሣጥኗ ውስጥ አስገባችው፤ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ደረበችበት።

«እኔ? እኔ እንዴት አድርጌ?»

«አንተ። ማንም አያይህም እኮ።»

በጨለማው ውስጥ ድምፁን አወፍሮ፣ «ወለተ ሰንበት የእኔ ናት! አልለቃትም!» አለ። የልቡን ሳያፍር ሲናገር ያ የመጀመሪያው ነበር። ከሣጥኑ ሲወጣ በላብ ተጠምቆ ነበር። ሶፊ ክንዷን እያሻሸች፣ «ወይኔ፣ ነዘረኝ» አለች።

ፊልሙ እሑድ ከሰዓት በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ታየ። በመጨረሻው ትዕይንት ያ ድምፅ ጮኸና ስክሪኑ ጠቆረ። አለቀ። ማንም አላጨበጨበም። ማርያማዊት ወንበሯን እየገፋች ተነስታ ወጣች።

«ማለቂያው የት አለ?» አሉ የማርያማዊት የነፍስ አባት፣ አባ ሀብተማርያም።

«ማለቂያው ይሄ ነው፣ አባቴ» አለች ሶፊ። «መንፈሳዊ ፊልም ሁሉ በእልልታ ማለቅ አለበት እንዴ? ሰው እያሰበ ይውጣ ብዬ ነው።»

«እያሰበ ነው ወይስ እየፈራ?»

«መፍራትም ማሰብ ነው።»

አባ አልተቆጡም። ጠቁሮ የቀረውን ስክሪን ትንሽ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ በኋላ ማርያማዊት ከመዝሙር ቀረች። አንድ ጠዋት ሶፊ ፊቷ ገርጥቶ ሱቁ መጣች።

«መሸት ሲል ስሟን የሚጠራት አለ። የክርስትና ስሟን።»

«ማን?»

«ማንም! እናቷ ጓዳ፣ እሷ ሳሎን ሆና፣ ድምፁ ከጣራው በኩል ይመጣል። እንቅልፍ አጥታለች። ልትዘምር አፏን ስትከፍት ጉሮሮዋን ይዘጋታል። እናቷ እትዬ ዘመነች ነገ ጎጃም ጸበል ሊወስዷት ነው፤ መቼ እንደሚመለሱም አይታወቅም። ፊልሙን የሠራ ሰው ሁሉ ደጄን እንዳይረግጥ ብለዋል።»

ቃለጽድቅ የመበየጃ ካውያውን ከሶኬት ነቀለ። ሱቁን ዘግቶ አባ ሀብተማርያም ዘንድ ሄደ። ነገሩን ከሩቅ ጀመረ።

«አባቴ፣ ክፉን በፊልም ማሳየት ኃጢአት ነው?»

«አይደለም ልጄ። ወንጌሉ ውስጥም የሚጮህ ርኩስ መንፈስ አለ። ወንጌሉ ግን ጩኸቱ ላይ አያቆምም። እናንተ ጠራችሁት፣ በልጅቷ ስም አናገራችሁት፣ ከዚያ ሳታስወጡት መብራት አጠፋችሁ።»

«ድምፁ የእኔ ነው።»

አባ ቀና ብለው አዩት።

«የእኔ ናት ስል… ከልቤ ነበር።»

«እንግዲያው ለቅቄያለሁ ስትልም ከልብህ ይሁን። ትችላለህ?»

መቅጃውን ከቦርሳው አውጥቶ ባትሪውን አየ።

አመሻሹ ላይ አብረው ቀራንዮ ሰፈር፣ ማርያማዊት ቤት ሄዱ። እትዬ ዘመነች በሩን ከፍተው አባን ከተሳለሙ በኋላ እሱን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«የጀመረውን ሊጨርስ የመጣ ልጅ ነው» አሉ አባ።

«ልጄን ጨርሷት የለ! ምን ቀረው?» አሉ። ለአባ ሲሉ ግን ከበሩ ዞር አሉ።

ማርያማዊት ጋቢ ተጠቅልላ ሶፋው ጥግ ተቀምጣለች። ፊቷ ከስቷል፤ ዓይኖቿ ብቻ ቀርተዋል።

«ፊልሙ ውስጥ ያለው ድምፅ የእኔ ነው» አላት።

«አውቃለሁ።»

«አወቅሽ?»

«አዳራሹ ውስጥ ገና ስሰማው። ወጥቼ የሄድኩት ፈርቼ መሰለህ? አፍሬ ነው። እንደዚያ የሚለኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።» ቀና ብላ ጣራውን አየች። «እዚህ የሚጠራኝ ግን አንተ አይደለህም።»

ሁሉም ቀና አሉ። ካፊያው ቆርቆሮውን በቀስታ ይነካካ ነበር፤ ሌላ ምንም አይሰማም።

ቃለጽድቅ መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ከፈተው። አባ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ።

«ማንን ይዘሃል?»

«ወለተ ሰንበትን» አለ፣ በዚያው ወፍራም ድምፅ። እትዬ ዘመነች አማተቡ።

«የማን ናት?»

ማርያማዊትን አያት። እሷም አየችው።

«የእኔ አይደለችም።» ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረና የራሱ ሆነ። «ለቅቄያለሁ።»

መቅጃውን አጠፋው። የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ወገን ለእሷ ሰጥቶ፣ አንዱን ራሱ አድርጎ መልሶ አሰማት። «የእኔ አይደለችም። ለቅቄያለሁ» ይላል ድምፁ። ከዚያ ትንሽ ጸጥታ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከላይ በኩል፣ «ለቅቄያለሁ።»

ቃለጽድቅ ሁለት ጊዜ አላለም። አባም አልተናገሩም።

ማርያማዊት ማዳመጫውን ከጆሮዋ ቀስ ብላ አወጣች። «እሱ ነው» አለች። «የሚጠራኝ።»

ጠበቁ። ከጣራው ላይ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ይመጣል። እትዬ ዘመነች ማልቀስ ጀመሩ።

ቃለጽድቅ ዕቃውን ሰብስቦ፣ እጅ ነስቶ ወጣ። ለቅቄያለሁ ያለው ከልቡ ነበርና እንዳይዞር ለራሱ ነገረው። በጭቃው መንገድ ወደ ፌርማታው ሲያመራ ከኋላው የእግር ኮቴ ሰማ። ቆመ። ኮቴውም ቆመ። ተራመደ። ተከተለው። ጨለም ብሏል፤ በመንገዱ ላይ ሌላ ሰው አይታይም። አማተበ፤ መዞር ግን አቃተው።

«ዙር እንጂ! እኔ ነኝ።»

ማርያማዊት ናት። ጋቢዋን ራሷ ላይ ጥላ፣ በነጠላ ጫማ፣ እያለከለከች።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«ማን ጠራሽ?»

«ማንም አልጠራኝም፣ ማንም አልያዘኝም። በገዛ እግሬ ነው የመጣሁት።»

«ግን እኮ ለቅቄያለሁ ብያለሁ።»

«ሰምቻለሁ። እኔ መቼ ለቀቅኩህ?»

ቃለጽድቅ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ቶሎ ተናገር፤ እማዬን አባ ናቸው ይዘው ያስቀሩልኝ።»

«ጎጃምስ?»

«ነገ የመዝሙር ጥናት አለብኝ» አለች። ድምጿ አልተዘጋም፤ ራሷም ሰምታው ፈገግ አለች።

ቃለጽድቅ ዓይኑን ከጫማዋ አነሳ። «እና… እኔ ብጠራሽ ትመጫለሽ?»

«በቤት ስሜ ከሆነ። ያኛውን አባ በተክሊላችን ቀን ይጠሩታል።»

ታክሲው መብራቱን አብርቶ ደርሶ ነበር። አልተሳፈረም። ድምፁን አላወፈረም፤ አልደበቀውምም።

«ማርያማዊት» አለ።

«አቤት» አለች።