የደራ እንጨት፣ የፎገራ ሣር

«ድጋፉ ተሰብሮ ቢሆን ጉማጁ መሬት ውስጥ ይቀር ነበር፤ ይሄ ተነቅሎ ነው» አለ አለኸኝ፣ ድምፁ ወንዙን እንዲሻገርለት መዳፎቹን በአፉ ግራና ቀኝ አድርጎ። «እኛ አልነቀልነውም። እንጨቱ የማን እንደሆነ ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኛም እናውቃለን።»

ከጉማራ ማዶ፣ በደራ በኩል፣ ሽማግሌው መንግሥቴ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። በመሃል የሚወርደው ውሃ የሌሊቱን ዝናብ ይዞ ቀልቷል። ለመጮህ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ቃላቱን እያረፉ ወረወሯቸው።

«እኔው ተክዬ፣ እኔው ልስረቅ?»

«አምና በግጦሹ ነገር እንደተቀየማችሁ አልረሳንም፣ አያ መንግሥቴ።»

«ግጦሽና ማረፊያ ምን አገናኛቸው፣ አንተ?»

አገኘሁሽ ከአባቷ ኋላ ቆማለች። ማረፊያው ከፊት ለፊቷ በጎኑ ወድቋል፤ የጣሪያው ሣር ጭቃ ጠጥቶ ከብዷል። ጎጆው በነበረበት ቦታ፣ ነፋስ በሚመጣበት በሐይቁ በኩል፣ ሁለት ጉድጓዶች አፋቸውን ከፍተው ውሃ ሞልቷቸዋል። ጉድጓዶቹን ላለማየት ወንዙን ታያለች።

ማረፊያው የማንም ቤት አልነበረም። ከወረታ ጨውና ላምባ ጭኖ ወደ አንበሳሜ ገበያ የሚወጣ መንገደኛ፣ ጉማራ ሲሞላበት እስኪጎድል የሚጠብቅበት ጎጆ ነው። ድልድይ ያለው በመኪናው መንገድ ነው፤ እዚያ ደግሞ ኬላ ስላለ፣ ጓዙን ማስፈተሽ የማይወድ ሁሉ በዚህ ይሻገራል። በፎገራ ሜዳ ላይ ለምሰሶ የሚሆን እንጨት የለም፤ ሰው የሚያነደው እንኳ ኩበት ነው። ሣር ግን ሞልቷል። ስለዚህ በየዓመቱ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ደራዎች እንጨት ተሸክመው ይሻገራሉ፣ በዚህ በኩል ያሉት የቁሐር ሚካኤል ሰዎች ሣር ያጭዳሉ። መንግሥቴ ይተክላሉ፣ አለኸኝ ይከድናል። የሁለቱም አባቶች እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

«እንግዲህ» አሉ መንግሥቴ፣ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ስላለ ለመስማት ሁሉም ዝም አለ። «እንግዲህ ከደራ እንጨት አይሻገርም። ሣራችሁን ሰማይ ላይ ክደኑት።»

ጀርባቸውን ሰጥተው ዳገቱን ያዙ። አገኘሁሽ አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ገና ሩቅ አልሄዱም ነበር፤ አንድ ጊዜ ብትጣራ ይሰሟታል። ግን አባቷ አጠገቧ ነበር፤ አፏን መልሳ ገጠመችው።

ከወደቀው ጎጆ አጠገብ ሀቢባ አህያዋን ይዛ ተቀምጣለች። የወረታ ጨው ነጋዴ ናት። ማታ ዝናቡ ሲጀምር ማረፊያው ይሸሽገኛል ብላ አህያዋን ስትነዳ ደረሰች፤ ያገኘችው የተዘረረ ሣር ነው። ወንዙ ሞልቷል፣ ወደ ኋላ ሜዳው ጨልሟል። ሌሊቱን ሙሉ ጆንያዎቹን በነጠላዋ ሸፍና በላያቸው ተጎንብሳ አደረች። አሁን ጆንያዎቹ ተሟሽሸው ከአህያዋ ጎን እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠልጥለዋል፤ ከሥራቸው አሁንም ጠብ ጠብ ይላል።

«ተወው አያ አለኸኝ፣ አትድከም» አለች። «ጨዉ እንደሆነ ዓሣው በልቶታል። ዛሬ የጉማራን ዓሣ የሚያወጣ ሰው ወጥ ውስጥ ጨው አይጨምር።» አንድ ሁለት ሰዎች ሳቁ። እሷም ሳቅ ብላ ነጠላዋን ጨመቀች። «ያንተን ውለታ ሳላነሳ ብሄድ ግን ነውር ነው።»

«የምን ውለታ?»

«ለቱርኪያዬ የሰጠሃት እንጨት ነዋ። ለመሠረተ ትምህርቱ ዳስ እንጨት ያላመጣ ፈተና አይቀመጥም ተባለ ብላ ስታለቅስ፣ ከየት አባቴ ላምጣላት ስል፣ አያ አለኸኝ ሰጠኝ ብላ ተሸክማ መጣች። አላህ ይክፈልህ። ልጄን ከጓደኞቿ አላሳነስክብኝም።»

አለኸኝ ቀስ ብሎ ዞረ። መጀመሪያ ልጁን አየ። ቀጥሎ ሁለቱን ጉድጓዶች አየ። አገኘሁሽ አባቷ አሁን ይናገራል፣ አሁን ማዶ ይጣራል ብላ ጠበቀች። የመንግሥቴ ጋቢ ዳገቱ ላይ ገና ይታይ ነበር።

«ምን አለበት» አለ አባቷ። «ልጆች ናቸው። ይማሩ።»

ሀቢባን አህያዋን አስነስቶ እስከ መንገዱ ሸኛት።

እንጨቶቹን የነቀሉት ባለፈው ሳምንት ነው፤ ሰማዩ ገና ደረቅ ሳለ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ። ቱርኪያ የከተማ ልጅ ናት፤ እስከዚያ ድረስ በእግሯ የመጣችው እንጨት ፍለጋ ነው። ማረፊያውን ዞር ዞር ብላ አየችውና በሐይቁ በኩል ያሉትን ሁለት ድጋፎች በእግሯ መታ መታ አደረገች።

«እነዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ድጋፍ ናቸው። ለነፋስ።»

«የታለ ነፋሱ? ወላሂ ዝም ብለው ነው የቆሙት። እንደ ዘበኛ ተቀጥረው።»

«ተይ ቱርኪያ፣ የሰው ነው።»

«የማን? ስሙን ጥሪልኝ።»

አገኘሁሽ ስም መጥራት አልቻለችም። የማንም ነው፣ የሁሉም ነው፤ ታዲያ የእኔም አይደል እንዴ ብላ አሰበች። መሬቱ ደርቆ ስለነበር በዱላና በጥፍራቸው እየቧጠጡ እንጨቶቹን ሲያላቅቁ ፀሐይ አዘቀዘቀች። እየነቀነቀች የመጀመሪያውን ያወጣችው ቱርኪያ አይደለችም፤ አገኘሁሽ ናት። ቱርኪያ ለእናቷ አያ አለኸኝ ሰጠኝ አለች። አገኘሁሽም ለአባቷ እትዬ ሀቢባ ሰጠችኝ አለች። እንዲህ ተባብለው ነበር የተለያዩት፤ ሁለቱ ቤቶች በወንዝ ዳር ተገናኝተው ይመሰጋገናሉ ብለው አላሰቡም።

ከወንዙ ሲመለሱ አለኸኝ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር። ደጃቸው ሲደርሱ ቆመ።

«ያንቺን ሀቢባ ነበረች የሰጠችሽ?»

«ብዬህ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር» አለ። ቀና ብሎ አላያትም።

«አባባ፣ ለአያ መንግሥቴ ብንነግራቸው…»

«ይሁን። ወንዙ ሲጎድል።»

ወንዙ ጎደለ። አለኸኝ ሞፈር ሲጠርብ ዋለ። በማግስቱም ጠረበ። ዝናብ ወረደና ወንዙ እንደገና ሞላ፣ እንደገናም ጎደለ። ስለ ደራ ሰዎች ጎረቤት ሲያነሳ፣ «ተዉት እሱን፣ አልፏል» ይላል፤ ጎረቤቱም ይህን ትዕግሥት ቆጥሮ ያመሰግነዋል። አገኘሁሽ ይህን ስትሰማ ውሃ ልቅዳ ብላ ትወጣለች። አባቷ ቢመታት ይሻላት ነበር።

የዳሱ ምረቃ የተደረገው ፈተናው ሊጀመር ሲል ነው። ዳሱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተሠርቶ፣ በበሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ተሰቅሎበታል። አገኘሁሽ ሁለቱን እንጨቶች ከሩቅ ለየቻቸው። መንግሥቴ ሲጠርቡ የእንጨታቸውን ጫፍ በመጥረቢያ ሁለት ጊዜ ቆረጥ የማድረግ ልማድ አላቸው። አንዱ ወለሉ ላይ አግዳሚ ወንበር ሆኗል። ሌላው በበሩ በኩል ቆሟል፤ ቀዩ ጨርቅ የታሰረው በእሱ ላይ ነው።

ቱርኪያ ለኪነት ቡድኑ የተሰጣትን ካኪ ሸሚዝ ለብሳ ስትሮጥ መጣች።

«ነይ ከፊት ቦታ ያዥልን። ብስኩት አለ ይላሉ።»

«ለእናትሽ ነገርሻት?»

ቱርኪያ ፊቷ ተለወጠ። «ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ።»

«በሞትኩልሽ፣ ዛሬ አታንሺብኝ። እናቴ ከዚያን ቀን ወዲህ ታስላለች። ምን ብዬ ልንገራት? በዝናብ ያስመታሁሽ እኔ ነኝ ልበላት?» የሸሚዟን ቁልፍ ፈታችና መልሳ ቆለፈችው። «ጨዉን የወሰደው ዝናብ ነው፣ አጉ። ዝናቡን እኔ አልጠራሁትም።»

«አያ መንግሥቴ ሌባ ተብለዋል።»

«እኛን ግን ማንም ምንም አላለንም» አለች ቱርኪያ፣ እንደሚለምን ሰው። ከበሮው ተመታና ስሟ ተጠራ፤ ሄደች።

እንግዶቹ ተቀመጡ። ከገበሬ ማኅበራቱ ተወክለው ከመጡት መካከል አለኸኝ ነበር፤ ከዳሱ ውስጥ፣ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። የተቀመጠበትን ያውቅ እንደሆነ አገኘሁሽ ከፊቱ ልታነብ አልቻለችም። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ክፈፉን በጣቱ ያዞረዋል። አንድ ሰው ስለ ሕዝቡ ተሳትፎ ተናገረ፤ እያንዳንዱ እንጨት በተማሪ ትከሻ እንደመጣ ተናገረ፤ ተጨበጨበ። መዝሙሩ ተጀመረ፤ የቱርኪያ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር።

በደራ ተራሮች ላይ ደመናው ጠቁሯል። አገኘሁሽ አየችው። ማታ ከዘነበ ጉማራ ነገ አያሻግርም፤ ዛሬ ግን ውሃው ከጉልበት አይበልጥም። ያን ቀን፣ ጋቢያቸው ዳገቱ ላይ እያለ፣ አንድ ጊዜ መጣራት ይበቃ ነበር። አሁን መሻገር ሊኖርባት ነው፤ ቤታቸውን መጠየቅ፣ ደጅ መቆም፣ አባቷ በሰው ፊት የተናገረውን በሽማግሌው ፊት ማፍረስ። ምናልባት እንጨቱ ከዚያም በኋላ አይሻገር ይሆናል። ምናልባት ከቤት ጎትተው ያስወጧት ይሆናል።

ላስቲክ ጫማዋን አውልቃ ደብተሯን ባነገበችበት ከረጢት ውስጥ ከተተች። ከረድፏ ስትወጣ አጠገቧ የነበረችው ልጅ ቦታውን ለማስፋት ብቻ ጠጋ አለች። በዳሱ በር ስታልፍ አባቷ ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተገናኙ። ባርኔጣውን ማዞሩን ተወ፤ ከወንበሩም ብድግ ሊል እንዳሰበ ሰው አንድ እጁን እንጨቱ ላይ አሳረፈ።

መዝሙሩ አለቀ። ዙሪያው ያሉት ሁሉ አጨበጨቡ፣ አለኸኝም አጨበጨበ።

ሁለተኛው መዝሙር ሲጀመር አገኘሁሽ የመኪናውን መንገድ ተሻግራ፣ በሜዳው ላይ ወደ ጉማራ የሚወስደውን የእግር መንገድ ይዛ ነበር።