ያልማሪ ያላነሳው ጠመንጃ

«ውሰጂው፣ ያንቺ ይሁን!» አለ ያልማሪ በማዳመጫው ውስጥ።

ታይካ ጆይስቲኩን እንደጨበጠች ክው አለች። ተጋግዘው የጣሉት የብረት ጭራቅ በተዘረረበት ቦታ አንድ ጠመንጃ ያብረቀርቃል። ወርቃማ ነው። «የዝገት ወደብ» በተባለው በዚህ አዲስ የቪዲዮ ጨዋታ ነጭ ዕቃ በየጥጋጥጉ ይወድቃል፣ ሰማያዊም አይጠፋም፤ ወርቃማ ግን ብርቅ ነው። ያልማሪ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። በላዩ ላይ ተራምዶ ወደሚቀጥለው በር ሄደ።

ይሄ ያልማሪ ነው እንግዲህ! ምርኮ ሲያይ ዐይኑ የማይታመነው፣ ጓደኛው በጥይት እየተደበደበ እሱ ሳጥን የሚበረብረው ያልማሪ። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ በኦውሉ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ በትምህርት ቤቱ መጽሔት ላይም «ያዋጣል?» የሚል ዓምድ አላቸው። አዲስ ጨዋታ ሲወጣ አብረው ይጫወቱና መጫወት ያዋጣ እንደሆነ ለአንባቢው ይፈርዳሉ። የዓምዱ ግማሽ ቀልድ የሚመጣው በምርኮ ምክንያት ከሚነሳው ጠባቸው ነበር።

ታይካ ጠመንጃውን አነሳችው። ደስ አላላትም።

«አሪፍ! ጎበዝ!» አለ ያልማሪ።

ይህም ሌላ ጉድ ነው። የኦውሉ ልጅ አንድን ነገር ከወደደው «ደህና ነው» ይላል፤ በጣም ከወደደው ደግሞ «በጣም ደህና ነው» ይላል። ጎበዝ የሚባለው ሕፃን ልጅ ሾርባውን ሲጨርስ ነው። ያልማሪ ግን ከጠዋት ጀምሮ አሪፍ፣ ጎበዝ፣ ግሩም ሲላት ነው የዋለው።

«ያልማሪ።»

«እ?»

«ለምንድን ነው ያላነሳኸው?»

«ጨዋ ልሁን ብዬ ነዋ።»

«አንተ? ጨዋ? አቦ አትሸውደኝ!»

እሱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ተቋረጠ። ምርኮ የሚሰበስብ ተጫዋች ወርቅ መሬት ላይ ጥሎ የሚያልፈው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው።

«ከዚህ የተሻለ አለህ» አለችው። «ይሄን ገጸ ባሕሪ ዛሬ ነው የፈጠርከው። ሌላ አለህ። ትልቅ ደረጃ የደረሰ።»

ስክሪኑ ላይ የእሱ ገጸ ባሕሪ በሩ ጋ ቆመ።

«ጨዋታውን ጨርሼዋለሁ» አለ።

«ከማን ጋር?»

«ከነኑቲ ጋር። ከሆኪ ቡድኑ ልጆች። አንቺ በዕረፍቱ ኩኦፒዮ ሄደሽ አባትሽ ጋ ነበርሽ፣ ዝናቡም አላስወጣ አለ። ደወሉልኝ፤ አንድ ምዕራፍ ብቻ ብዬ ገባሁ።»

«‹አንቺ ሳትመጪ አልነካውም› ብለኸኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው እንደ አዲስ የጀመርኩት፣ እንዳይከፋሽ ብዬ።»

«ቅድም ጨዋታው ላይ ድልድዩ ሲፈርስ ጮኸሃል» አለች ታይካ። ድምፅዋ መቅጠን ጀመረ። «‹ወይኔ ሞትን!› አልክ። የምርህን መስሎኝ እኮ አብሬህ ጮህኩ።»

«ሙድ አልያዝኩብሽም፣ ታይኪ» አለ ስሟን አቆላምጦ። «በናትሽ።»

«ታዲያ ከኔ ጋር ስትጫወት ደበረህ?»

በቀጥታ ሲጠየቅ ውሸት የሚችል ልጅ ቢሆን እዚህ ላይ ነበር መዋሸት። «አይ... ትንሽ። ቀጥሎ የሚመጣውን ሳውቀው...» አለና ተወው። ከዚያ ቶሎ ብሎ «የዓምዳችንን ጽሑፍ ግን አብረን እንጽፈዋለን አይደል? አንቺ ጀምሪው፣ እኔ...» አላት።

«ሂድ» አለችው። «እነኑቲ ይጠብቁሃል።»

«ታይኪ...»

«ሂድ በቃ!»

ስክሪኑ ላይ «ያልማሪ ከቡድኑ ወጥቷል» የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሎ ጠፋ። ታይካ ማዳመጫውን አውልቃ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነችና አለቀሰች። ስለ ጨዋታ ያለቀሰች እንዳይመስላችሁ። ጓደኛዋ አዝኖላት ነበር አብሯት የዋለው፤ ልቧን የሰበረውም ይኸው ነው።

እናቷ በሩን ገፋ አደረገች። «ሳውና መታጠቢያው ሞቋል። ምነው፣ አለቀስሽ እንዴ?»

«ጨዋታው ነው።»

«ምን፣ ቀሽም ነው?»

ታይካ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ገና አልፈረድኩም። አንቺ ግቢ፣ እደርሳለሁ።»

እናቷ ስትሄድ ኮምፒውተሯን ከፈተችና «አያዋጣም። ጊዜያችሁን አታቃጥሉ» ብላ ጻፈች። ደስ አላት። እንዲያውም «ይህን ጨዋታ የሚወድ ሰው ፋራ ነው» ብላ ጨመረችበት፤ ኑቲ እንዲያነበው። ከዚያ ያንኑ መልሳ አነበበችው። ጨዋታው ምን አጠፋ? ድልድዩ ሲፈርስ ውሃው ወደ ሰማይ ሲነሳ እሷ የጮኸችው ከልቧ ነበር። የጻፈችውን በሙሉ አጠፋችው።

አንድ ነገር ግን አሳሰባት። በዚያ ሁሉ ጽሑፋቸው ውስጥ «አብሯችሁ የሚጫወት ሰው ከሌለስ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። ምሳ ሰዓት ላይ ትሪያቸውን ይዘው ጥግ የሚቀመጡ ልጆችም መጽሔቱን ያነባሉ። እሷና ያልማሪ ግን ሁልጊዜ ሁለት ስለነበሩ ነገሩ ትዝ ብሏቸውም አያውቅም።

ማዳመጫውን መልሳ አጠለቀች። «የዝገት ወደብ» ተጫዋቹ አንድ ብቻ ሲሆን ጠላቶቹን ይቀንስለታል። የሚቀጥለውን በር ስትከፍት በርከት ብለው ይወጣሉ ብላ ስትጠብቅ ጥቂት ብቻ ብቅ አሉ። ጨዋታውም ያዘነላት መሰላትና እንደገና እንባዋ መጣ። እንባዋን ሳትጠርግ ተኮሰች። ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ተጫወተችው፤ መሀል ላይ አንድ ጊዜ ሳታስበው «አየኸው?» አለች። የመለሰላት አልነበረም።

እናቷ ከታች «ሳውናው እየቀዘቀዘ ነው!» ብላ ስትጣራ ታይካ እየጻፈች ነበር።

«ያዋጣል። ሁለት ከሆናችሁ ደስ ይላል። ብቻዬንም ሞከርኩት፤ ጠላቶቹ ይቀንሳሉ። ከባዱ ነገር የሚመጣው ካሸነፋችሁ በኋላ ነው፤ አብሯችሁ የሚጮህ የለም። ለማንኛውም ሞክሩት።»

ከሥሩ የራሷን ስም ብቻ ጻፈችና ለመጽሔቱ ላከችው።