አቶ መሸሻ ያልዘጓቸው ገጾች

አቶ መሸሻ እሑድ ጧት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ፊታቸው ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሯል፤ እግራቸው ሥር አመድ ብቻ የቀረው የከሰል ምድጃ አለ፤ የቀጨኔ ቤታቸው አንዲት መስኮት፣ ያቺ ጣሪያ ሥር ያለችው፣ ዙሪያዋን በፎጣ ተወትፋለች። ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተው አንድ ገጽ ብቻ ነው። የፍለጋው ሳጥን ውስጥ «የከሰል ጭስ ሰው ለመግደል ስንት ሰዓት ይፈጅበታል» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ያነበበ ሁሉ ከንፈሩን መጦ ወጣ። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ ማን ይጠራጠራል?

ነገሩ ያላለቀላት ልጃቸው ሩታ ነበረች። ከሐዋሳ እንደደረሰች የአባቷ የንስሐ አባት እግር ላይ ወደቀች። ቄሱ ዐይናቸውን ወደ መሬት ሰብረው፣ «ልጄ፣ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ሕጉ ነው እንጂ እኔ አልጨከንኩብሽም» አሏት። ዕድሜ ልካቸውን ከመድኃኔ ዓለም ደጅ ያልተለዩት ሰውዬ ያለ ጸሎት አፈር ሊለብሱ ነው።

ኢንስፔክተር ጽጌረዳ መጀመሪያ ያነጋገረችው ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ዓለሜን ነው። ምግባቸውን የሚሠሩላቸው፣ ሞተውም ያገኟቸው እሳቸው ናቸው።

«ቅዳሜ መቼ አዩዋቸው?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ምሳቸውን ሰጥቼ ለቅሶ ሄድኩ። ዘጠኝ ላይ መብራት ጠፋ፣ አሥራ ሁለት ላይ መጣ። እኔ የተመለስኩት ሁለት ሰዓት ነው፤ የእድሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ተኝተዋል ብዬ አላንኳኳሁም።» እንባቸውን ጠረጉ። «ምናለ ባንኳኳ!»

«መስኮቱን ማን ነው የሚከፍትላቸው?»

«እኔ ነኛ! በርጩማዬን ይዤ መጥቼ። እሳቸውማ ከወደቁ ወዲህ እጃቸው ከደረታቸው አያልፍም። ጋቢያቸውን እንኳ እኔ ነኝ የማለብሳቸው።»

«ኮምፒውተሩስ?»

ወይዘሮ ዓለሜ በእንባቸው መሐል ፈገግ አሉ። «እሱ ጓደኛቸው ነበር። የከፈቱትን ገጽ አይዘጉም። ‹ከዘጋኋቸው ብቻዬን ቀረሁ ማለት ነው› ይሉኛል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ወደሱ ነው። ‹ገጾቹ ይመለሱ?› ብሎ ሲጠይቃቸው እሺ ሳይሉ ውሃ እንኳ አይጠጡም።»

ቀጥሎ የአቶ መሸሻን የጓሮ ክፍል የተከራየው ቶማስ ቀረበ። የሂሳብ መምህር ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ወጣት።

«ቅዳሜ ከሰዓት ፈተና ሳርም ነበር። እሳቸው ቤት አልገባሁም።»

«ብርድ ነበር?»

«ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ማሞቂያቸው ደግሞ የኤሌክትሪክ ነው።»

«የከሰሉ ጭስ አልሸተተህም?»

«ምን ይሸታል? ሲገባ እኮ ፍም ብቻ ነበር።»

ጽጌረዳ ምንም አልጻፈችም። አመሰገነችውና ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች።

ከቀድሞው ጊዜ የተዘጉት ገጾች ዝርዝር ውስጥ «19 ገጾች» የሚል አገኘች። ጫነችው። አንድ በአንድ ተመለሱ፤ የቅዳሴ ቪዲዮ፣ የሞተ ጓደኛ ፎቶ፣ ሩታ የተመረቀችበት ቀን፣ የሐዋሳ የአየር ሁኔታ። አዲስ አበባ ለሚቀመጥ ሰው የሐዋሳ ዝናብ ምኑ ነው? ልጁ እዚያ ካለች ግን ምኑ ነው አይባልም። ጽጌረዳ ራሷ ማታ ማታ ባዶ ቤት ነው የምትገባው፤ እያንዳንዱን ገጽ ሳትቸኩል አየችው።

ሰኞ ከሰዓት ሁሉንም እዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አቶ መሸሻ ራሳቸውን አላጠፉም» አለች። «አስከሬናቸውን የመረመረው ሐኪም ያረፉት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው ይላል። መብራት ያኔ የለም፤ ኮምፒውተሩም ጠፍቷል። ፍለጋው የተጻፈው ግን፣ ኮምፒውተሩ እንደመዘገበው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ‹ገጾቹ ይመለሱ?› ብሎ ጠየቀ፤ የጻፈው ሰው አልፎት ሄደ። አቶ መሸሻ ይህን አያልፉትም።»

ቄሱ ቀና አሉ።

«መስኮቱም አለ። እጃቸው አይደርስም። ወይዘሮ ዓለሜም ያለ በርጩማ አይደርሱም፤ ደግሞ ለቅሶ ላይ ነበሩ። ሩታ ሐዋሳ ነበረች። እኔ ያገኘሁት አመድ ነው፤ ሁላችሁም ያያችሁት አመድ ነው። ሲገባ ፍም እንደነበር የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ቶማስ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«በረደኝ አሉኝ» አለ። «አሳዘኑኝ። ውጭ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ እስኪሄድ ጠብቄ አስገባሁላቸው። እናቴም እንዲህ ነው የምታደርገው። ነፋሱ እንዳይገባ መስኮቱን ወተፍኩት። አሥራ ሁለት ላይ ሻይ ይዤ ስመጣ... በቃ፣ አልፈዋል። ሰው ገደለ እንዳልባል ፈራሁ። ብቸኛ ናቸው፣ ሰው ያምናል ብዬ ጻፍኩት።»

«አመነልህ» አለች ጽጌረዳ። «ቀልቶ የገባ ከሰልም ይገድላል፤ ሽታ የሌለው ጭስ አለው። ያንን አላወቅህም፤ ዳኛው ይመዝነዋል። ፍትሐታቸውን የቀማሃቸው ግን እያወቅህ ነው። ‹ይመለሱ› ብትል ኖሮ ይህን ታይ ነበር።»

ዐሥራ ስምንተኛውን ገጽ ከፈተች። የቶማስ ትምህርት ቤት ገጽ ነው፤ ምስጉን መምህር ተብሎ ሲሸለም የተነሣው ፎቶ። አቶ መሸሻ ከሥሩ «የኛ ቤት ልጅ ነው» ብለው ጽፈዋል። ቶማስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «ካህናቱን ልጥራ። ፍትሐቱ ዛሬ ይደረጋል» አሉ።

ሩታ ግን የመጨረሻውን ገጽ እያየች ነበር። በቪዲዮ የሚያወሩበት ገጽ ነው። አከፋፈቱን በስልክ ያስተማረችው እሷ ናት፤ እሑድ እሑድ አራት ሰዓት ላይ ሊገናኙ ተስማምተው ነበር። ሁለቴ ገባች፣ ከዚያ ሥራ በዛባት። እሳቸው ግን ገጹን አልዘጉትም። «እዚህ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት» ይላል።

«እየጠበቀኝ ነበር እኮ» አለች። ስልኳን አውጥታ አድራሻውን ነካችው።

ኮምፒውተሩ ላይ ጥያቄ ወጣ፤ «ሩታ መግባት ትፈልጋለች። ትግባ?»

ጽጌረዳ እጇን ወደ ማውዙ ሰደደችና መለሰችው። የሚፈቅዱት እሳቸው ነበሩ። ጥያቄው ትንሽ ቆየና ጠፋ።

ሩታ እንደገና ነካችው።