ሬሳው ያጠለቀው ጭንብል

ለጥገና ከቆመችው መርከብ ሆድ ውስጥ፣ ከባዶው የውሃ ታንክ፣ ፎርማኑን በገመድ ጎትተው ሲያወጡት አፍና አፍንጫውን ብቻ የምትሸፍን ትንሽ ማጣሪያ ጭንብል አጥልቆ ነበር። ሃያ ዓመት ሠራተኛ ሲያንቀጠቅጥ የኖረ ሰው፣ አሁን ዝንብ እንኳ አይፈራውም።

መርማሪው የመጣው በር ላይ አንድ ሰዓት ካስጠበቁት በኋላ ነው። ከተራ ፖሊስነት የተነሣ፣ የትምህርት ወረቀት የለህም እየተባለ ሦስት ጊዜ ማዕረግ ያለፈው ሰው ነው። የናቀውን ሰው ፊት አይረሳም።

ሥራ አስኪያጁ ጫማው እንዳይቆሽሽ እየተጠነቀቀ ቀረበ።

«ይኸውልህ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ታንኩ ወራት ተዘግቶ ከርሟል፤ ዝገቱ አየሩን በልቶታል። ማጣሪያ አቧራ ይይዛል እንጂ አየር አይሠራም። በራሱ ጥፋት ሞተ። ሪፖርቱን ጽፌዋለሁ፤ ፈርምና ሂድ።»

«ሬሳው ሳይቀዘቅዝ? እጅዎ ፈጣን ነው፣ ጌታዬ።»

«አደጋ አይደለም ካልክ ደግሞ ቀለም ቀቢው አለልህ። ትናንት ሰው ሁሉ እየሰማ ‹አንተን ታንክ ውስጥ ካልቀበርኩ!› ብሎታል።»

ቀለም ቀቢው ሁለት እጁ በካቴና ታስሮ በርሜል ላይ ተቀምጧል። የሚወስደው የፖሊስ መኪና ሞተሩ ተነሥቷል።

መርማሪው ተንበርክኮ ጭንብሏን ከሬሳው ፊት ገለጥ አደረጋት። ከግንባሩ ተነሥቶ በሁለቱ ጉንጮች ወርዶ አገጩ ሥር የሚገጥም ቀይ ክብ ታየው። ጭንብሏን መልሶ ገጠማት። የክቡን ግማሽ እንኳ አትሞላም። ተነሣ።

«ዝተህበታል?» አለው ቀለም ቀቢውን።

«አልክድም፣ ጋሼ። ያለ አየር ሲሊንደር ግባ አለኛ! የዛሬ አምስት ዓመት አንድ ጓደኛዬን እንደዚሁ አስገብቶት፣ በእነዚህ እጆች ተሸክሜ አወጣሁት። ‹ጭንብሉን አውልቆ በራሱ ጥፋት ሞተ› ብለው ጻፉ። ውሸታሞች! ፊቱ ላይ ነበረች፣ ያቺው ማጣሪያ።»

«ፎርማኑ ራሱስ ሲገባ?»

«እሱማ ነፍሱን ይወዳታል! ሲሊንደር ሳያዝል አንድ ደረጃ አይወርድም።»

የታንኩ አፍ ላይ ቆሞ የገባውን ሰው መጠበቅ የነበረበት ዘበኛ አንገቱን ደፍቷል።

«‹ምን ትገተራለህ፣ ሂድ ገመድ ጠቅልል› ብሎ አባረረኝ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው። የማያውቅ የለም።»

መርማሪው ቀጥሎ ወደ ስቶር ወረደ። ጭንብሎቹ ተወልውለው በረድፍ ተሰቅለዋል፤ ሲሊንደሮቹ ከነማንገቻቸው ግድግዳውን ተደግፈዋል። የአንዱ ማንገቻ ገና እርጥብ ነው። መርማሪው ስፌቱን በጥፍሩ ፈልቀቅ ሲያደርገው ቀይ ዝገት ወጣ። ሠራተኛው ‹ጺሞ› የሚለው ስቶር ኪፐር ግንባሩ በፀሐይ የጠቆረ፣ ከጉንጩ በታች ግን የገረጣ ሰው ነው። አገጩ ላይ ሁለት ቦታ ምላጭ ቆርጦታል።

«ፎርማኑ ዛሬ ምን ወሰደ?»

«ማጣሪያ ብቻ። ቸኩሎ ነበር።»

«ሲሊንደር የሚሞላው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይነካም።»

«ሰው ጺሞ የሚልህ ለምንድን ነው?»

«ጺም ነበረኝ።» አገጩን ዳሰሰ። «ሙቀቱ አስቸገረኝ።»

መርማሪው ሁሉንም የመርከቧ ወለል ላይ ሰበሰበ።

«ሟቹ ፊት ላይ ያለውን ክብ እዩት» አለ። «የሙሉ ፊት ጭንብል ምልክት ነው። ታንክ የወረደው ሲሊንደር አዝሎ ነው። ከሞተ በኋላ አንድ ሰው ወርዶ ሲሊንደሩን ወሰደበት፤ ማጣሪያዋን አጠለቀለት። ማንገቻውን አጥቦ ስቶር መለሰው፤ የታንኩ ዝገት ግን ስፌቱ ውስጥ ቀርቷል።»

«ሲሊንደር ያዘለ ሰው በምን ይሞታል?» አለ ሥራ አስኪያጁ በንቀት።

«ሲሊንደሩ ሙሉ ነበር፤ የተሞላው ግን አየር አልነበረም። ቧንቧ የምትፈትሹበት ናይትሮጅን ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ላቦራቶሪው ይነግረናል። አያሳልም፣ አያንቅም፤ ዝም ብሎ ይጥላል። ይህን የሚያደርገው ሲሊንደር የሚሞላ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ አየር የሌለበት ታንክ ውስጥ መውረድ ነበረበት። ጺም ላይ ጭንብል አይገጥምም። ታንክ የምትገቡት በየጠዋቱ ትላጫላችሁ፤ ስቶር የሚውል ሰው ግን ምን አስላጨው? በዛሬው ቀን፣ ጺሞ?»

ስቶር ኪፐሩ ዓይኑን ከቀለም ቀቢው ላይ አልነቀለም።

«ተረት ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ቀቢውን ውሰዱልኝ!»

ሁለት ፖሊሶች ቀለም ቀቢውን ብብቱን ይዘው አነሡት። ሦስት እርምጃ አልሄዱም።

«ልቀቁት!» ስቶር ኪፐሩ ነው። «የወንድሜን ሬሳ የተሸከመ ትከሻ ነው። አትንኩት።»

ቀለም ቀቢው ዞረ። «አንተ... ይህን ስታስብ ምነው ሳትነግረኝ?»

«አንተ ልጆች አሉህ።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሮ ፈገግ አለ። «አምስት ዓመት ሙሉ ፎርማኑ የሚተነፍሰውን አየር እየሞላሁ ሰጠሁት። ዛሬ የወንድሜን ሞት ሰጠሁት፤ ከነጭንብሏ። አንተም ያንኑ ቃል ጻፍክለት፣ ‹በራሱ ጥፋት› አልክለት። የያኔውንም የጻፈ እጅህን አውቀዋለሁ። አልቆጨኝም።»

ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ወደ ኪሱ ሊከት ሲል መርማሪው ከእጁ መንጭቆ ወሰደው።

«የዛሬ አምስት ዓመቱንም ሪፖርት ያመጡልኛል» አለ። «ፊርማው የማን እንደሆነ አብረን እናያለን።»

የቀለም ቀቢው ካቴና ተፈታ። ስቶር ኪፐሩ ሳይጠሩት መጥቶ ሁለት እጁን ዘረጋ።

መርማሪው ግን ካቴናውን በርሜሉ ላይ አስቀምጦ ባዶ ወረቀት አወጣ። ‹ሟቾች› ብሎ ጻፈና ከሥሩ ለሁለት ስም ሁለት መስመር አሰመረ።

«መጀመሪያ የወንድምህን» አለው። «ስሙን ከነአባቱ ንገረኝ።»