አርባ አንደኛው ራጅ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ ይተወው፤ ለመከራከር አቅሙም የለኝም።

ሰዓቱ ለሰባት ሩብ ጉዳይ ነበር። ጠራራ ፀሐይ። እኔ ግን የምሠራበት ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነኝ። የራጅ ምስሎች የሚቀመጡበት ዲስክ ሞልቶ፣ በሽተኛ ማንሳት ከቆመ ሦስት ቀኑ ነው። እኔም በቅጡ ከተኛሁ እንደዚያው።

ሥራው ቀላል ነው... ማሽኑ ሲገጠም ለሙከራ የተነሱትን አርባ ምስሎች ማጥፋት፣ ትንሽ ቦታ መክፈት።

ጥቁሩ ስክሪን ላይ የማጥፊያውን ትዕዛዝ ጻፍኩ። ጣቴ ኢንተር ላይ ደረሰ...

ቆምኩ።

ሥራ ያስተማረችኝ አለቃዬ ሁሌ የምትለኝ ትዝ አለኝ። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ አይጠይቅሽም። መጀመሪያ ዘርዝሪ፣ ከዚያ አጥፊ።»

ማጥፊያውን ትዕዛዝ፣ የሚጠፉትን ስም ብቻ በሚያሳየው መዘርዘሪያ ተካሁት።

ስሞች መውረድ ጀመሩ... ወረዱ... ወረዱ... አላቆም አሉ።

የሁሉም በሽተኛ ራጅ! የአሥራ አንድ ዓመት። ዓይኔ ደክሞ፣ ትዕዛዙ መሃል አንዲት ስፔስ ያለቦታዋ ገብታብኝ፣ አርባውን ሳይሆን ሁሉንም እንዲያጠፋ አድርጋዋለች። ኢንተርን ብጫነው ኖሮ አንድም አይተርፍም ነበር።

ላቤን ጠርጌ አስተካከልኩት። ደግሜ ዘረዘርኩ።

አርባ አንድ።

የመጨረሻው የተነሳው... ከሁለት ደቂቃ በፊት።

ቆይ... ዲስኩ ሞልቶ የለ? በየት ገባ?

ራጅ አንሺው ጋሼ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አሁን ሰው አነሱ እንዴ?»

«በምን አንስቼ ልጄ? ማሽኑን ከጠዋት ነቅዬዋለሁ። ክፍሉንም ቆልፌ በሩ ላይ ተቀምጫለሁ።»

ምስሉን ከፈትኩት። የሰው ደረት ነው። ጠርዙ ደብዝዟል... ሲነሳ አልረጋም።

ምንም ሳልነካ ወደ ላይ ወጣሁ። ሦስት ቀን ላልተኛ ሰው ፍርሃትም ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ጋሼ ቁልፉን አዞሩ። ክፍሉ ጨለማ ነው። መብራቱን አበሩት።

«ማንም የለም... አየሽ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አልጋው...» አልኩ።

አልጋው ላይ የተነጠፈው ነጭ ወረቀት የተኛ ሰው ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል።

ጋሼ ክንዴን ያዙኝ።

ወረቀቱ... ከትከሻው በኩል ጀምሮ... ቀስ እያለ ቀና አለ፤ የተኛበት እየተነሳ ነው።