ከመዳፍ የተቀመሰ ጠጅ

አቶ ዘርዓብሩክ የተጠየቁትን ሳይመልሱ ሞቱ። ፒያሳ ባለው የእነ ክብረት አሮጌ ቤት ሳሎን፣ በብርሌ የቀረበላቸውን ጠጅ ጨልጠው ወዲያው ተዘረሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እየመጡ፣ ሰው ስለ ታሪክ የሚገርመውን ሲጠይቃቸው ይመልሱ ነበር።

ፖሊስ ጠጁን የቀዳችውን የቤቱን አሮጊት አሳላፊ አስካለን ያዘ። በማግስቱ መርማሪዋ ሜላት አስካለን በካቴና አስመጥታ የቤቱን ሰዎች እዚያው ሰበሰበች።

«እትዬ አስካለ፣ መርዝ የጨመሩት እርስዎ ነዎት?»

«መርዝ ባውቅማ ባሌን አርባ ዓመት እችለው ነበር? ኧረ ልጄ፣ እስር ቤት ልሙት?»

ሜላት አልሳቀችም። «የሆነውን ይንገሩኝ።»

«ክብረት ‹ድሮ አሳላፊ ለምን በመዳፉ ይቀምስ ነበር?› ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ‹መርዝ እንደሌለበት ሊያሳይ ነው፤ እስቲ አስካለ፣ አሳዪአቸው› አሉኝ። በቀኝ እጄ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ግራ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። ከዚያ ለሁሉም ቀዳሁ።»

ሜላት ወደ ክብረት ዞረች። «የሟቹን ብርሌ ማን አቀረበ?»

«እሷ ናታ! ቀጂዋ ማን ሆነና?»

«ወንድም ጋሼ!» አለች ታናሽ እህቱ ሊያ። «አንተ አይደለህ እንዴ ‹ታላቅን ማክበር ነው› እያልክ ይዘህ ያስቀዳኸው?»

ሜላት ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ከአንድ ማንቆርቆሪያ ሁላችሁም ጠጣችሁ፤ የሞተው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ መርዙ የነበረው በብርሌው ውስጥ ነው። የእትዬ አስካለ አንድ እጅ ማንቆርቆሪያ፣ ሌላው የሚቀመስ ጠጅ ይዟል፤ ብርሌውን አልነኩም። ብርሌውን የያዙት እርስዎ ነዎት፣ አቶ ክብረት። ጥያቄውንም የጠየቁት፣ ሰው ሁሉ ብርሌውን ትቶ መዳፋቸውን እንዲያይልዎት ነው። ቅምሻ የጠጁን ደህንነት ያሳያል እንጂ የመጠጫውን አያሳይም።»

«እኔ ጋሽ ዘርዓብሩክን? ለምን ብዬ?»

«ሊያ፣ ቀጥሎ የማን ጥያቄ ነበር?»

«የእኔ። አያታችን በጣልያን ጊዜ ምን ይሠራ እንደነበር ከሳምንት በፊት ጠይቄያቸው ነበር፤ ትናንት ‹ከጠጁ በኋላ እነግርሻለሁ› አሉኝ።» ወንድሟን አየችው። «ዓርብ ለብቻህ ያነጋገሩህ ስለዚህ ነው?»

ክብረት ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «ባንዳ ነበር ሊል ነው! እኛን! በገዛ ቤታችን!»

ሜላት የአስካለን ካቴና ፈታች። አሮጊቷ አንጓዋን እያሸች አለቀሰች።

«ነበር?» አለች ሊያ። «አንተን ነው የምጠይቅህ። ነበር ወይ?»

ክብረት አንገቱን ደፋ። ሊያ ነጠላዋን አንስታ ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።