ሳይለካ የተቀዳው የሩፋኤል ዝናብ

ሙሉብርሃን አብተው ይህ በሆነበት ዓመት የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው አዳማ፣ ከባቡሩ ሐዲድ አጠገብ የቆመች ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበረች። ባቡር ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ወንፊት ይንቀጠቀጣል። ሙሉብርሃን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለ ለመደችው ከእንቅልፏ እንኳ አይቀሰቅሳትም ነበር።

አባቷ አቶ አብተው የሐዲድ ዘበኛ ነበሩ። በየቀኑ በሐዲዱ ላይ በእግራቸው እየሄዱ የላላውን ያጠብቃሉ፣ የወደቀውን ድንጋይ ያነሣሉ። በግቢያቸው መካከል ደግሞ አላፊ አግዳሚው ቆሞ የሚያየው አንድ ዕቃ ነበራቸው። በአጭር እንጨት ላይ የተተከለ ክብ ቆርቆሮ ነው። ክዳኑ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው በሰፊው አፍ ይገባና ውስጥ ወደ ተቀመጠው ጠርሙስ ይወርዳል። ዝናቡ ሲያባራ ጠርሙሱ ይወጣና ውኃው ወደ ቀጭን የመስታወት ብርጭቆ ይገለበጣል። ብርጭቆው ላይ ከታች እስከ ላይ መስመሮች ተጭረዋል። ውኃው የደረሰበትን መስመር አይቶ ቁጥሩን ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ጎረቤት ሁሉ ዕቃውን «የዝናብ ቁና» ይለው ነበር። እህል በቁና ይሰፈራል፣ ዝናብስ ለምን ይቅርበት?

ቁናውን የሰጧቸው ፈረንጁ የሐዲድ መሐንዲስ ናቸው። ከከተማው በስተምሥራቅ አንዲት ትንሽ ድልድይ አለች። በበጋ ፍየሎች ጥላዋ ሥር ይተኛሉ። በክረምት ግን ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ በእሷ ሥር ያልፋል። የመሐንዲሱ ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ዝናቡ ከሃያ መስመር በላይ ከሆነ፣ ባቡር ከማለፉ በፊት ሄዶ ድልድዩን ማየት።

አቶ አብተው ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ስለሚውሉ የምትለካው ሙሉብርሃን ነበረች። ቁጥር ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እንዴት ትኮራ ነበር መሰላችሁ! ብርጭቆውን ወደ ዓይኗ ታስተካክላለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ከዚያ እርሳሷን በምላሷ አርሳ ትጽፋለች። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሳትለካ አላሳለፈችም።

ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት መጣ። በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ። አምና ልብሳችሁን ጥላችሁ ስትዘሉበት አይቻችኋለሁ፤ ስም አልጠራም።

እናቷ ወይዘሮ አበበች ወገባቸውን ስለሚያማቸው ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ ወርደው ነበር። አባቷ በማለዳ ወደ ሞጆ በኩል ሄደዋል። ጎረቤት የሚኖሩት አክስቷ እትዬ አበዛሽ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ሰማዩ ንጹሕ ስለ ነበር ማንም ሰው እንስራ ወደ ውጭ አላወጣም። ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆን ግን ድንገት ጨለመና ዶፉ ወረደ። ሙሉብርሃን ወደ ግቢው ወጥታ ዘለለች፣ ተሽከረከረች፣ አፏን ከፍታ ጠጣች። ውኃ መቅዳት ትዝ ሲላት ዝናቡ እንደ መጣ ሄዶ ነበር።

እትዬ አበዛሽ ነጠላቸው በስብሶ፣ ቅል ይዘው እየተቻኮሉ ገቡ። ዓይናቸውን የሚታመሙ ሴት ናቸው። የሩፋኤልን ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ይጠብቁታል።

«ሙሉዬ፣ ቀዳሽልኝ?»

«ውይ እትዬ! ረሳሁት።»

እትዬ አበዛሽ ከሣር ክዳኑ የሚንጠባጠበውን ተመለከቱ። ጥቀርሻ የተበጠበጠበት ይመስል ነበር። እንዲህ ያለው ለዓይን አይሆንም። ቀጥሎ ወደ ግቢው መካከል አዩ።

«ያ ቁናችሁስ? እሱ ከሰማይ በቀጥታ የተቀበለ አይደለም?»

«ይዟል እንጂ እትዬ! ቆይ፣ መጀመሪያ ልለካውና…»

«ልለካው?» አሉ አክስቷ ደንግጠው። «የሩፋኤልን ዝናብ? በፈረንጅ ብርጭቆ? ልጄ፣ በረከት ይቆጠራል እንዴ! የቆጠሩት በረከት ይሸሻል።»

ሙሉብርሃን ግራ ገባት። የሰፈሩ እናቶችም ስንት ልጅ እንዳላቸው ሲጠየቁ ቁጥር አይጠሩም፤ «ተመስገን፣ አሉኝ» ነው የሚሉት። እውነትም በረከቱ ቢሸሽስ? የአክስቷ ዓይን ሳይድን ቢቀርስ? ጠርሙሱን አወጣች። እስከ አንገቱ ሞልቶ፣ ተርፎ ቆርቆሮው ውስጥ ፈስሶ ነበር። ሁሉንም ወደ እትዬ አበዛሽ ቅል ገለበጠችው። እትዬ አበዛሽ ዓይናቸውን ታጠቡ፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» አሉ፣ መርቀዋትም ቅላቸውን አቅፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሙሉብርሃን ከደብተሩ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ጳጉሜን ሁለት ተጽፏል። ጳጉሜን ሦስት ባዶ ነው። ምን ትጻፍ? ብዙ ብትጽፍ አባቷ በደከመ እግራቸው እስከ ድልድዩ ይሄዳሉ። ምንም ባትጽፍ «ምነው?» ይሏታል። ጥቂት ብትጽፍ ግን ማንም አይጠይቅም። እርሳሷን በምላሷ አራሰችና ፰ ብላ ጻፈች። ስምንት መስመር። ቁጥሯም ቆንጆ ሆና ወጣች።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። አክስቷን መርዳቷ ጥፋት ነው? ኧረ አይደለም። መርሳትም በሁላችን ይደርሳል። ጥፋቱ ያለው በዚያች ቆንጆ ስምንት ውስጥ ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አቶ አብተው ከጎረቤታቸው ከኦቦ ጆቴ ጋር መጡ። ኦቦ ጆቴ ከብቶቻቸውን በሞጆ በኩል አሰማርተው ነበርና መንገድ ላይ ተገናኝተዋል። የሁለቱም ልብስ ደረቅ ነበር። የአዳማ ዝናብ እንዲህ ነው፤ የበሬውን አንዱን ቀንድ አርጥቦ ሌላውን ይተወዋል። አሸዋማው አፈርም የጠጣውን ጠጥቶ፣ ፀሐይ ስትወጣ ምንም እንዳልቀመሰ ይመስላል።

«አካም ኦልቴ፣ ሙሉ? እንዴት ዋልሽ?» አሉ ኦቦ ጆቴ።

ሙሉብርሃን በለሆሳስ መለሰች። አባቷ ደብተሩን አነሡ።

«እዚህ ዘንቦ ኖሯል? ስምንት! ተመስገን።» ደጃፉ ላይ ተቀመጡና ጫማቸውን አወለቁ። ተረከዛቸው ተልጦ ነበር። «ዛሬ እስከ ድልድዩ ከመሄድ አዳንሽኝ፣ የኔ ልጅ። ተባረኪ።»

ሙሉብርሃን ምሳቸውን አቀረበች። አባቷ ስንት ጊዜ መርቀዋታል! እንደ ዛሬው የከበዳት ምርቃት ግን የለም።

ኦቦ ጆቴ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «የሰባት ሰዓቱ ባቡር ሰው በሰው ነው አሉ» ብለው ወሬ ጀመሩ። «ለዓመት በዓል የሚመጣው ሁሉ ተጭኗል። ባለሱቁ አብዱናሲር እንኳ አራስ ሚስቱንና ሕፃኑን ይዞ ከድሬዳዋ ይመለሳል።»

አባቷ እንጀራቸውን ቆረሱ። ጉርሻው አፋቸው ከመድረሱ በፊት ሙሉብርሃን ድምፅዋ አመለጣት።

«አባባ! ስምንት አይደለም።»

ጉርሻው በአየር ላይ ቆመ።

«ታዲያ ስንት ነው?»

«አላውቅም። ሳልለካ ለእትዬ አበዛሽ ቀዳሁላቸው። ጠርሙሱ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ከዚያ… ዋሸሁ፣ አባባ።»

አቶ አብተው አልተቆጧትም። ቢቆጧት በተሻላት ነበር። ጉርሻውን መልሰው አስቀመጡ። ጫማቸውን በተላጠው ተረከዝ ላይ አጠለቁ፣ ከበሩ ኋላ ባቡር የሚያስቆሙበትን ቀይ ጨርቅ አነሡ። ኦቦ ጆቴም ሳይጠሩ አካፋ ይዘው ተነሡ። አባቷ ከደጃፉ ዘወር አሉና፣ «እንኳን ሳይቃጠል በቅጠል ነገርሽኝ» ብለው እያነከሱ ሮጡ።

ሙሉብርሃን ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ ያለውን ወንፊት እያየች ቀረች። ባቡሩ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያውቀው ወንፊቱ ነው። «ቅዱስ ሩፋኤል ሆይ፣ አባቴን አድርስልኝ። ባቡሩን አቁምልኝ» እያለች ጸለየች። የባቡሩ ጩኸት ከሩቅ ተሰማ። ከዚያ ደግሞ ረጅም፣ ቁርጥርጥ ያለ ጩኸት ሆነ። ከዚያ ዝም አለ።

ወንፊቱ አልተንቀጠቀጠም።

ቆሞ ነው? ወድቆ ነው? ወንፊቱ ይህን አይናገርም። ልጆች፣ ውሸት ሲጻፍ አንዲት ቁጥር ናት። ሙሉብርሃን ግን በዚያች ደቂቃ አራሷን ሴት፣ ሕፃኑን፣ አባቷንም አንድ በአንድ እያሰበች አለቀሰች።

በመጨረሻ ኦቦ ጆቴ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ሲሮጡ መጡ።

«ቆሟል! ገለተ ዋቃ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆሟል! ጎርፉ ከድልድዩ አጠገብ አፈሩን በልቶት፣ ሐዲዱ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ በአየር ተንጠልጥሎ አገኘነው። አባትሽ ቀዩን ጨርቅ እያውለበለበ ወደ ባቡሩ ሮጠ። ባቡሩ ድልድዩ ጋ ሊደርስ ይህን ያህል ብቻ ሲቀረው ቆመ!» ብለው ከበሩ እስከ ዝናብ ቁናው በእጃቸው አሳዩ። ኦቦ ጆቴ ነገር ማሳጠር ይወዳሉ፤ ርቀቱ ከዚያ የሚበልጥ ይመስለኛል። ቢሆንም ባቡሩ ቆሟል።

ብዙም ሳይቆይ መንገደኛው ሁሉ ጓዙን ተሸክሞ በሐዲዱ ዳር በእግሩ መጣ። ከፊት ባለሱቁ አቶ አብዱናሲር ነበሩ። ሚስታቸው ፋዲላ ሕፃኑን አቅፈው ይከተላሉ። ሕፃኑ ተኝቷል፤ ምን እንደ ሆነ ምንም አላወቀም።

አቶ አብዱናሲር ከከረጢታቸው እፍኝ ሙሉ ተምር ዘግነው ወደ ሙሉብርሃን ዘረጉ።

«አልሐምዱሊላህ! ዝናብ የምትለካው ልጅ አንቺ ነሽ? የለካሽው ዝናብ ልጄን አተረፈልኝ። ነይ ውሰጂ።»

ተምሩ ያበራ ነበር። ሙሉብርሃን ተምር ከቀመሰች ዓመት አልፏታል። ዝም ብላ ብትወስድ ማን ያውቃል? አባቷ እንኳ ከኋላ ቀርተው ነበር። እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ መልሳ ሰበሰበችው።

«ጋሼ፣ አልለካሁትም» አለች ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ። «ሳልለካ ስምንት ብዬ ዋሸሁ። ቆይቼ ነው ለአባቴ የነገርኩት።»

አቶ አብዱናሲር ጢማቸውን አሹና እጇን ይዘው ተምሩን ራሳቸው አስጨበጧት።

«እንግዲያውስ ይህ ለለካሽው አይደለም፤ ለተናገርሽው ነው።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ አባትና ልጅ ደብተሩን ይዘው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። እትዬ አበዛሽም ወሬውን ሰምተው መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ እትዬ አበዛሽ። «በረከት አይቆጠርም ብዬ ልጅቷን ያሳሳትኳት እኔ ነኝ።»

«እትዬ፣ እኛ የምንቆጥረው እግዚአብሔርን ልንቆጣጠር አይደለም» አሉ አቶ አብተው በለሰለሰ ድምፅ። «ስንት እንደ ሰጠን አውቀን በዚያው ልክ ተመስገን ልንል ነው። ውኃው ተለክቶ ቢሰጥዎት ኖሮ ያው የሩፋኤል ውኃ ነበር።»

ከዚያ ወደ ሙሉብርሃን ዞሩ። ከእንግዲህ ብርጭቆውን ይነሡኛል ብላ ፈርታለች። አባቷ ግን እርሳሱን ሰጧት።

«ስምንቱን ሰርዢው። አትፋቂው፣ ይታይ። ከጎኑ እውነቱን ጻፊ።»

ሙሉብርሃን በስምንቷ ላይ መስመር አሰመረች። ከጎኗ «አልታወቀም» ብላ ጻፈች። ቃሉ ከቁጥሩ ይልቅ አስቀያሚ ሆኖ ወጣ። አባቷ እርሳሱን ተቀብለው ከሥሩ አንድ ቃል ጨመሩ፤ «ተመስገን።» ከዚያ ተምሩን ለሦስት ተካፍለው በሉ። ለእናቷም አስቀሩላቸው።

በማግሥቱ ጥቂት ካፊያ ወረደ። ሙሉብርሃን ጠርሙሱን አወጣች፣ ብርጭቆውን ወደ ዓይኗ አስተካከለች፣ ትንፋሿን ያዘች። ሦስት መስመር። ፫ ብላ ጻፈች። አንድ ጊዜ ደግማ ለካች፣ አሁንም ሦስት ነው። ከዚያ «ተመስገን» ብላ ውኃውን ወደ እትዬ አበዛሽ ቅል ገለበጠችው።

ልጆቼ፣ የማታውቁትን ስትጠየቁ «አላውቅም» በሉ፣ ካጠፋችሁም ሳትዘገዩ ተናገሩ፤ እውነት ብታሳፍርም ሰው ታድናለች።